ቅናሹ ዜሮ የሆነበት ረመዳን

መኪና ነድቼ አላውቅም። መሪ የነካሁት መኪናው ቆሞ ሳለ ውስጡን ስወለውል ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ግን ባለመኪናዋ እኔ ካልሶም ነኝ። ባለቤቴ ባሃሩዲን ዕድሜውን በሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባንክ ቤቱ ግን የሚያምነው የመንግሥት ደሞዝተኛን ነውና ብድሩም መኪናውም በሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ በኔ ስም ወጣ። በከተማችን በታይፒንግ ይሄ ብርቅ አይደለም። በኛ ሰፈር ከቆሙት መኪኖች ግማሾቹ ነዳጅ መስጫውን ከፍሬን የማይለዩ እናቶች ንብረት ናቸው።

መኪናው በስሜ ስለሆነ ቅናሹም በስሜ ነው። ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ ለከረመ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የኢንሹራንስ ክፍያው ይቀነስለታል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ቅናሹ ከግማሽ በላይ ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ ካሳ ከጠየቁ ደግሞ ብን ብሎ ይጠፋና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። የኛው ጣሪያ ነክቶ ዓመታት ተቀምጧል። ባሃሩዲን ይህን ቅናሽ እንደ ገንዘብ አያየውም፣ እንደ ስሙ ነው የሚያየው። ኮኮናት ወድቆ ኮፈኑን ሲያጎደጉድበት እንኳ ካሳ መጠየቅ አሳፍሮት ከኪሱ አውጥቶ አሠራው። መስጊድ ደጃፍ ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ «የኔ ሙሉ ነው» ይላል። ምኑ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፣ ሁሉም ሰምቶ ሰልችቶታል።

ታዲያ አንድ ቀን ልጃችን ኢርዋን በዚያው መኪና ከሥራ ሲመለስ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ አሸዋ የጫነ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። አንገቱን ይዞ ቤት ገባና የሆነውን እንደሆነ ነገረን። አባቱም ያኔ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስህ ተረፈች» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መኪናው ጋራዥ ገብቶ፣ የኋላው ተቃንቶና ተቀብቶ ወጣ። ወጪው በገጪው ነው፣ ነገሩም አለቀ ብለን ረሳነው።

ረመዳን ሲገባ ከኢንሹራንሱ የዓመቱ ማደሻ ማስታወቂያ መጣ። ቅናሹ በተጻፈበት ቦታ ላይ ዜሮ ተቀምጧል።

«ዜሮ!» አለ ባሃሩዲን። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አነበበ። «ኢርዋን! እስቲ ወዲህ ና።»

«አቤት አባ።»

«ሰውየው ነው የገጨኝ አላልክም?»

«ብያለሁ። እሱ ነው የገጨኝ።»

«እንግዲያ ይሄ ምንድን ነው? ካምፓኒው ምን በወጣው ይዋሻል? ያውቅሃል? ቂም አለው ባንተ ላይ? ቅናሽ የሚነጠቀው ያጠፋ ሰው ነው። ስልክህን እየጎረጎርክ ነበር፣ አይደል?»

«አባ፣ ቆሜ ነበር እያልኩህ እኮ ነው!»

«የቆመ ሰው ቅናሹን አያጣም። ውሸታም!»

ልጄ ሲናደድ አይጮህም፣ ይጠፋል። በማግስቱ ሩቅ ደቡብ ጆሆር ያለ ጓደኛው ሥራ አገኘሁልህ ብሎኛል አለና ልብሱን በሻንጣ ከተተ። በሩ ላይ እጄን ስሞ፣ «እማ፣ ለኢድ አትጠብቂኝ። ውሸታም ካለኝ ሰው ጋር አንድ ገበታ አልቀርብም» አለኝ። አባቱ ጓሮ ሆኖ መኪናውን ያጥባል። እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ውኃውን የበለጠ ለቀቀው።

ሁለቱንም በአንድ ገመድ አስሬ ብገርፋቸው በወደድኩ። አንዱ ልጄ ነው፣ ሌላው ባሌ፤ ሁለቱም ግትር። እኔ ግን ኢድን ያለ ልጄ መዋል አልችልም። በጾም አንጀቴ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ወጣሁ።

እዚያ ያለውን ወረፋ አታንሱብኝ። ቁጥር ወስዶ መቀመጥ፣ ቁጥር ሲጠራ መነሣት፣ ከዚያ «ይሄ እዚህ አይደለም፣ ማዶ ነው» መባል። ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ማቀዝቀዣው ጉልበቴን ሲያሳምመኝ፣ በመጨረሻ ሊ ዪን የምትባል ቀጭን ልጅ ፊት ደረስኩ።

«ማክ ቺክ፣» አለችኝ፣ በኛ ዘንድ ትልቅ ሴት እንደምትጠራው፣ «ይሄ እኮ በራስዎ ጥፋት የተጠየቀ ካሳ ነው።»

«እኔ መንዳት አልችልም ልጄ።»

«ባለመኪናዋ ግን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው እዚህ ኮምፒዩተሩ ላይ ጥፋተኛዋም እርስዎ ነዎት» አለችና ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬያት እስቅ ነበር።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሌላ ሰው ገጭቶህም ቢሆን በራስህ ኢንሹራንስ ማሠራት ይቻላል፤ ካምፓኒዎቹ በኋላ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ፣ ቅናሽህም አይነካም። ለዚያ ግን ጥፋቱ የሌላው መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ምርመራ ውጤት ከማመልከቻው ጋር መግባት አለበት። የኛ ሲገባ ውጤቱ አልነበረበትም። እንዲያውም «በራሴ ጥፋት» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበታል።

«ማን ነው ምልክት ያደረገው?» አልኳት።

«ፊርማው የሾፌሩ ነው፣ ማክ ቺክ። የሞላው ግን… እጅ ጽሑፉ የጋራዥ ይመስላል።»

ያኔ ገባኝ። በኛ አገር መኪና ሲጋጭ ከፖሊስም ከአምቡላንስም ቀድመው የሚደርሱት መኪና ጎታቾቹ ናቸው፤ የአደጋ ሽታ የሚሰማቸው ነው የሚመስለው። ኢርዋን ገና አንገቱን እያሻሸ ሳለ ጀፍሪ የሚባለው ባለጋራዥ መጎተቻውን ይዞ ደርሶ «አንተ ምንም አታስብ ወንድሜ፣ ሁሉንም እኔ እጨርስልሃለሁ» ብሎት ነበር። ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ጀፍሪ ጋ ሄድኩ።

«ማክ ቺክ! በዚህ ፀሐይ፣ በጾም!» ብሎ ከመኪና ሥር ወጣ።

«ልጄን ምን አስፈረምከው?»

«ምንም! ባዶ ቅጽ። ሁሉም ባዶውን ነው የሚፈርመው፣ እኔ ነኝ የምሞላላቸው። ኢርዋን መኪናዋን ቶሎ አድርስልኝ ሲለኝ ጊዜ… የፖሊስን ውጤት እንጠብቅ ካልን እኮ እዚሁ ዝጋ ታበቅላለች። በራስ ጥፋት ካልነው ግን ሳይውል ሳያድር ያልፋል።»

«ስለዚህ ልጄን ጥፋተኛ አደረግከው።»

«ኧረ ማክ ቺክ! ጥፋተኛ ምን አመጣው? ያቺን ምልክት ብቻ ነው ያደረግኩት። መኪናው አላማረም? እስቲ ቀለሙን ይዩት!»

ቀለሙ እውነትም አምሯል። ምን ልበለው? ለጠብ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። ያደረገውን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ነገርኩት፤ እየተቅለሰለሰ በዘይት እጁ ጽፎ ሰጠኝ።

ማምሻውን አፍጥረን፣ ባሃሩዲን የመስጊዱን የሩዝ ሾርባ እየጠጣ፣ «የት ዋልሽ ሶም?» አለኝ።

«ባንተ ሥራ ላይ።» የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። «ነገ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ። አብረን እንሂድ።»

«እኔ ምን ብዬ ነው የምሄደው? ይህን ሁሉ ዓመት ነድቼ ቅናሼን መልሱልኝ ብዬ ልለምን?»

«ስለ ቅናሽ ማን አወራ? ስለ ልጅህ ነው የማወራህ!»

ሾርባውን ፉት አለ። «ጀፍሪ ወሬኛ ነው። ሁሉንም ደስ ሲያሰኝ የሚኖር ሰው ነው፤ አንቺንም ደስ እንዲልሽ ነው የጻፈልሽ።»

ፖሊስ ጣቢያው በማግስቱ ዝናብ ያስገባ ነበር። በር ላይ ባልዲ ተደቅኗል። ሳጅን ማኒያም የሚባለው ተረኛ ውጤቱን ለማግኘት ማመልከቻ እንድጽፍ ነገረኝ። ጻፍኩ። የሚፈርመው መርማሪ ዕረፍት ላይ ነው፣ ሌላ ቀን ይምጡ አለኝ። ሌላ ቀን መጣሁ። መርማሪው ከዕረፍት ተመልሷል፣ ግን ፍርድ ቤት ነው አለኝ። የአግዳሚው ወንበር ጫፍ የኔ ሆነ፤ ሳጅኑም ከዚያ በኋላ ስገባ ሲያየኝ «የኛዋ መጣች» ይል ጀመር።

በመጨረሻ ወረቀቱን ሲሰጠኝ፣ «ማክ ቺክ፣ ይሄን ያህል መድከም አልነበረብዎትም እኮ። የአሸዋ መኪናው ሾፌር ጥፋቱን ወዲያው አምኖ ቅጣቱን ከፍሏል። ውጤቱ እዚሁ ተቀምጦ ነበር። መጥቶ የጠየቀን አልነበረም እንጂ» አለኝ።

በዝናቡ ቤት ገባሁና ልብሴን ሳልቀይር ባሃሩዲን ፊት ቆምኩ።

«ፖሊስ ልጅህ ንጹሕ ነው ብሏል።»

አየኝ። ልቡ ያወቀ መሰለኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረና፣ «ፖሊስ ቅናሽ አይሰጥም። ካምፓኒው ራሱ ይበለው» አለ።

ዕድሜ ልኬን ይህን ሰው ስወደው ኖሬያለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ጠላሁት። ልጁ ዓይኑን እያየ የነገረውን ትቶ፣ ስሙን እንኳ የማያውቅ መሥሪያ ቤት እስኪፈርምለት ይጠብቃል። መኝታ ቤት ገብቼ እርጥብ ልብሴን አወለቅኩና አልጋው ጫፍ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጭፍን ግትርነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሊ ዪን ወረቀቶቹን ተቀብላኝ አንድ በአንድ አየቻቸው። የተዘጋ ካሳ ተከፍቶ እንዲታረም ዋናው መሥሪያ ቤት መፍቀድ አለበት አለችኝ። መቼ እንደሚፈቅድ አታውቅም። ኢዱ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ገበያው በልብስና በብስኩት ቆርቆሮ ተጨናንቋል፣ ጎረቤቶቼ «ኢርዋን መቼ ይገባል?» ይሉኛል። «ሥራ በዝቶበታል» እላለሁ። ለኢርዋንም ደውዬ የፖሊሱን ነገር ነገርኩት። «እኔ የሆነውን አውቀዋለሁ እኮ እማ፣» አለኝ፣ «ለማያውቀው ንገሪው።»

ለኢድ ዋዜማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የኢዱን የሥጋ ወጥ ሬንዳንጉን ጥጄ ሥጋው ኮኮናቱን መምጠጥ ሲጀምር፣ ፖስተኛው ከበር ተጣራ። ባሃሩዲን ደብዳቤውን ከፍቶ ቆሞ አነበበው። ወደ ወጥ ቤት ሲመጣ ፊቱ በርቷል፤ ያንን ፊት ካየሁት ወር ሊሞላ ነው።

«ሶም! ሙሉ ነው! ሙሉውን መልሰውታል። ስህተት ነበር ብለው ጽፈዋል፣ ይቅርታም ጠይቀዋል። አየሽ፣ ካምፓኒ ማለት እንዲህ ነው!» ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «በይ ደውዪና ልጁን ና በዪው።»

«አንተ ደውል።»

«አንቺ ነሽ የምትደውዪለት ሁልጊዜ።»

«እጄ ቅባት ነው።» ስልኬ ያለበትን በአገጬ አሳየሁት።

በስልክ ደህና አድርጎ ስለማይሰማ የስልኩን ድምፅ ክፍት አድርጎ ደወለ።

«አቤት እማ።»

«እኔ ነኝ፣ አባትህ።»

ከወዲያ ማዶ የሞተር ብስክሌት ጩኸት ብቻ ተሰማ።

«ቅናሹ ተመልሷል» አለ ባሃሩዲን። «ሙሉውን። አንተ እንዳልከው ነው፣ ካምፓኒውም ጽፏል። እንግዲህ ና ወደ ቤትህ፤ እናትህ ሬንዳንግ ጥዳለች።»

ኢርዋን፣ «አባ፣ ባይመለስስ ኖሮ?» አለው።

«ምኑ?»

«ቅናሹ።»

የባሃሩዲን ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። ስልኩን ወደኔ ዘረጋ። እኔ ግን ወሩን ሙሉ የሱን መንገድ ስሄድለት ከርሜያለሁ፤ ይቺን አልሄድለትም። ጀርባዬን ሰጥቼ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

በኛ ዘንድ በኢድ ጠዋት ልጅ ነው ወላጁ ፊት ተንበርክኮ አፉ በሉኝ የሚለው። አባት ልጁን ይቅርታ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተትና ባሃሩዲን በከባዱ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ባይመለስ ኖሮ» አለ፣ ድምፁ የሱ አይመስልም፣ «ባይመለስ ኖሮ ልጄን ውሸታም እንዳልኩ እሞት ነበር። ቆሜ ነበር ብለኸኝ ነበር። እሱ ይበቃኝ ነበር። አፉ በለኝ ኢርዋን።»

ማማሰያውን ይዤ ቆምኩ። ሬንዳንጉ ከታች መያዝ ጀምሯል፤ ይያዝ።

«የጓደኛዬን መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ ኢርዋን። እሱም ድምፁ ሰልሏል። «መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሱሑር በልቼ በሌሊት እነሳለሁ።»

«እሺ ልጄ። ታዲያ ስትነዳ ቀስ…» አለ ባሃሩዲን፤ የቀረውን ዋጠው። ወደኔ አየና እንደገና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«እንጠብቅሃለን» አለው።