ከማን ወደ ማን

ክንዱ እንጆሪ ከሚያለማበት ላስቲክ ቤት በር ላይ ቆሞ መግባት አስጠላው። ዳባት ላይ ክረምቱ ሲከብድ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም፤ የላስቲኩ ጣሪያ ሌሊቱን ያጠራቀመው ውኃ ተክሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንጆሪው ቀልቶ ሊለቀም ሲል አመድ የመሰለ ሻጋታ ይለብሳል፤ ሲነኩት ይፈርጣል። ሚስቱ የትነበርሽ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፍሬ በማዳበሪያ ከረጢት ትከታለች። ዓምናም እንዲህ ነበር። መድኃኒት ረጨ፣ ደገመ፣ ሻጋታው ግን አልጠፋም።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ላስቲክ ቤት የአያ ዳኛው ነው። አያ ዳኛው የእነክንዱ ልጅ የክርስትና አባት ነው፤ እንጆሪ መትከልን ለክንዱ ያስተማረውም እሱ ነው። ዓምና ግን የበሰበሰ ፍሬ አጥሩ ሥር ሲደፋ ክንዱ አየው። የዚያን ሰሞን በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በሽታ አምጥቶ ቤቴን ያጠፋብኝ አያ ዳኛው ነው» አለ። ዳኛው ዋንጫውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ደጅ አልረገጠም።

ሰብለ ወንጌል የተክል በሽታ የምታጠና ተመራማሪ ናት። በክረምቱ መግቢያ ከጎንደር መጥታ ከሁለቱም ቤት የሻገተ ፍሬ ወስዳ ነበር። ዛሬ ውጤቱን ልትነግራቸው መጣች። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት በእግሯ ስለደረሰች ጫማዋ ጭቃ ለብሷል። የትነበርሽ መቀመጫ ዱካ አቀረበችላት።

«ቤታችሁ ውስጥ ያለው ሻጋታ አንድ አይደለም» አለች ሰብለ ወንጌል። «ዘረ መሉን ስናየው ብዙ ዓይነት ነው። አንድ ተክል ላይ እንኳ ሁለት የተለያየ አግኝተናል።»

«መልኩ አንድ አይደል እንዴ?» አለ ክንዱ።

«መልኩ አንድ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ሁሉ ከሩቅ አንድ እንደሚመስለው ነው። መድኃኒቱ አንዱን ሲገድል ሌላው ይተርፋል። የተረፈው ይባዛል፤ ያንኑ መድኃኒት ሲደግሙበት አይነካውም።»

ክንዱ ክረምቱን ሙሉ ይዞት የከረመውን ጥያቄ አወጣ። «ታዲያ ከአያ ዳኛው ነው የመጣብኝ?»

ሰብለ ወንጌል ዓይኗን አሸች። «አብዛኛው ከእሳቸው ቤት ካገኘነው ጋር አይመሳሰልም። ከችግኙ ጋር የገባ ይኖራል፤ ነፋስ ከሌላ ማሳ ያመጣውም ይኖራል። የሚመሳሰለው ጥቂት ነው።»

«እሱስ? ጥቂቱ?»

«ከእሳቸው ወደ እርስዎ ሊሆን ይችላል፤ ከእርስዎ ወደ እሳቸውም፤ ወይም ከሌላ ቦታ ወደ ሁለታችሁ። ከማን ወደ ማን እንደሄደ ምርመራው አይነግረኝም።»

ክንዱ የጠበቀው ፍርድ ነበር፤ ቢፈረድበት እንኳ በተሻለው። ሰብለ ወንጌል የታመመውን ነቅለው እንዲቀብሩ፣ የላስቲኩን ጎን ከፍተው ነፋስ እንዲያስገቡ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግመው እንዳይረጩ ነገረቻቸውና ወደ አያ ዳኛው ቤት አለፈች።

«እንግዲህ ወደ አያ ዳኛው ሂድ» አለችው የትነበርሽ።

«ምን ብዬ?»

«የሰማኸውን ነዋ። ለቅሶ ቤት በሄድሁ ቁጥር ከሚስቱ ዓይን መሸሽ ታክቶኛል።»

ክንዱ በማግስቱ ሲሄድ አያ ዳኛው የተነቀለ እንጆሪ ክምር አጠገብ ተቀምጦ ወገቡን ያሻል። ክንዱን ሲያይ አልተነሳም።

«ምነው ዛሬ ደጄን አወቅኸው?»

ክንዱ ቆሞ ነገረው፤ ሻጋታው ብዙ ዓይነት መሆኑን፣ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ እንዳልሆነ። ዳኛው እስኪጨርስ ሰማው።

«ለእኔም ነግራኛለች» አለ። «እኔም አንተን እጠረጥር ነበር። ግን ለሰው አልተናገርሁም።»

«አያ ዳኛው፣ በድዬሃለሁ።»

«ስትከሰኝ በማኅበር ፊት ነው። እዚያው ተናገረው። ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይረባኛል?»

በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ጸሎቱ እንዳበቃ፣ ክንዱ ተነሳ። ድምፁ ደክሞ ነበር። «ዓምና አያ ዳኛው በሽታ አመጣብኝ ብዬ ነበር። ሳላውቅ ነው የተናገርሁት። በሽታው የሁላችንም ነው፤ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ይቅር በለኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሸጋ ነው፣ ተቀመጥ» አሉት። ዳኛው ተነስቶ አልሳመውም። ጠላ የምትቀዳዋን ሴት ግን ጠርቶ «ለክንዱም ጨምሪለት» አላት።

በሳምንቱ ዳኛው ዶማውን ይዞ መጣ። ከክንዱ ጋር ጉድጓድ ቆፍረው የሁለቱንም ቤት ተክል ቀበሩ፤ የላስቲኩን ጎን ጠቅልለው ከእንጨቱ ጋር አሰሩ። ነፋሱ ባዶውን መደብ እያቋረጠ ያልፋል።

በበጋው ሌላ ችግኝ ተከሉ። ሻጋታው ከዓምናው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። የትነበርሽ በየማለዳው ትለቅመዋለች። ዳኛውም በበኩሉ ይለቅማል፤ አንዳንዴ በአጥሩ ላይ «ዛሬስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ክንዱም «ዛሬም አለ» ብሎ ይመልስለታል።