ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ

ያን ሰውዬ ገና ከበሩ ሳየው ደሜ ፈላ። አቶ ስታመን ይባላል፤ ከወረዳ የሚመጣው የትምህርት ተቆጣጣሪያችን ነው። ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ ዘው ብሎ ክፍሌ ገባና ዙሪያውን ቃኘ።

«ኮምፒውተሩ የታለ?» አለኝ።

ጉድ እኮ ነው! እንልካለን፣ እንልካለን እያለ ሦስት ዓመት ያስጠበቀን የራሱ መሥሪያ ቤት!

«እናንተ ጋ ነዋ! እስኪመጣ ልጆቹ ደንቆሮ ይሁኑ? ይልቅ ቁጭ ይበሉና ይመልከቱ» አልኩት።

እሱ የኮምፒውተር ትምህርትን በሚቆጣጠርበት ቅጽ ላይ «ትምህርቱ አልተሰጠም» ብሎ ከጻፈ የእኔ አራተኛ ክፍል ይዘጋል። ዘጠኙም ልጆቼ ጎህ ሳይቀድ እየተነሡ በአውቶቡስ ከተማ ሊመላለሱ ነው። አምና የስድስተኛዎቹን ክፍል እንዲሁ አዘግቶብናል።

መጋቢት እያለቀ ነበር። ሁላችንም እጃችን ላይ ማርቴኒጻችንን፣ ያቺን በአገራችን ጸደይን የምንቀበልባትን ቀይና ነጭ ክር አስረናል፤ እሱም ጭምር። ሰሌዳው ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ደንብ ጻፍኩ፦ «ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ካየህ ክሩን ፈትተህ ዛፍ ላይ እሰር። አለዚያ አትፍታ።» ልጆቹ ከሣጥን ካርድ ያወጣሉ። ካርዱ ላይ ሽመላ፣ ቁራ፣ በረዶ፣ ያበበ ዛፍ ተስሏል። እንደወጣላቸው ወንበሩ ላይ ያሰርነውን መለማመጃ ክር ይፈታሉ ወይም ይተዋሉ፤ የተሳሳተ ከጨዋታው ይወጣል። ኮምፒውተርስ ቢሆን እንዲህ ደንብ ከመከተል ሌላ ምን ይሠራል?

ኔዳ እጇን አውጥታ ወደ አቶ ስታመን ዞረች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የትልቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ክር ለምን አልተፈታም?»

«ሽመላ መች አየሁና!»

«በሩ ላይ ያለው የጃነረክ ዛፍ አብቧል እኮ! አበባው ፀጉርዎ ላይ አለ። 'ወይም' ሲል አንዱ ይበቃል።»

ክፍሉ አውካካ። የሰውዬው ፊት ቲማቲም መሰለ። ፀጉሩን እያራገፈ ቅጹን አወጣ።

«ይኼ የልጆች ጨዋታ ነው! ኮምፒውተር የለም፤ ስለዚህ አልተሰጠም» እያለ መጻፍ ጀመረ።

ከእጁ መነተፍኩት። ይቅርታ ብሎ ነገር የለም! አንድም ቀን አሳይቶን የማያውቀውን ቅጽ ለኔዳ ሰጠኋት። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ትምህርቱ በኮምፒውተር ወይም በሌላ መርጃ ከተሰጠ 'ተሰጥቷል' ይባል። አለዚያ 'አልተሰጠም' ይባል።»

የካርዱን ሣጥን አንሥታ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። «ይኸው ሌላ መርጃ።»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ የጻፈውን ሰርዞ «ተሰጥቷል» አለና ፈረመ። ልጆቹ ጠረጴዛቸውን እየደበደቡ ጮኹ። እኔም እንባዬ መጣ።

ኔዳ ብቻ አልጮኸችም። ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

«አምና የወንድሜን ክፍል ሲያዘጉ ቅጹ ሌላ ነበር?»

«ይኸው ነው» አለ።

ወንድሟ ዛሬም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

አቶ ስታመን ጃነረኩ ሥር ቆሞ ክሩን በአንድ እጁ ለመፍታት ሲታገል በመስኮት አየነው። ማናችንም ወጥተን አላገዝነውም።