ያልደረሰ ውሃ

የመስታወቷን ብልቃጥ አፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ነቀነቃት። ውስጧ ያለው ውሃ ቢጫ ሆኖ መቅረት ሲገባው ዓይኑ እያየ አረንጓዴ ሆነ። ገንዳ ሠሪው አላመነም። ብልቃጧን አጥቦ፣ ከገንዳው እንደገና ቀድቶ፣ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብታ እየቆጠረ ጨመረና ደግሞ ነቀነቀ። ያው አረንጓዴ፤ እንዲያውም ጠቆር ያለ፤ ውሃው ውስጥ መርዝ አለ ማለት ነው።

የዓሣ ገንዳው በአረጋውያን መኖሪያው ሳሎን ግድግዳ ሥር ቆሟል። ሁለት ሜትር ይረዝማል፤ ስድስት መቶ ሊትር ይይዛል። ውሃ ከተሞላ ሃያ አራት ቀኑ ቢሆንም አንድም ዓሣ አልገባበትም። አዛውንቶቹ ቁርሳቸውን በልተው ከፊቱ ይደረደሩና አሸዋና ድንጋዩን ሲያዩ ይውላሉ። "ዓሣ የሌለው ገንዳና ጥርስ የሌለው አፍ ተገናኙ" እያሉ ይሳሳቃሉ። ገንዳ ሠሪው በሳምንት ሁለት ቀን በመጣ ቁጥር ሲያስረዳቸው ምላሱ ሊላጥ ነው። ዓሣ የሚኖረው በሚሸናበት ውሃ ውስጥ ነው። ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። መርዙን የሚበሉለት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ሳይበረክቱ ዓሣ ማስገባት ዓሣውን በገዛ ሽንቱ መግደል ነው። ስለዚህ ባዶው ውሃ ላይ በየቀኑ ቆንጠር ተደርጎ የዓሣ ምግብ ይጣላል፤ ምግቡ እየበሰበሰ ባክቴሪያውን ይቀልባል፤ ሰውም ይጠብቃል።

ጊዜውን ለማሳጠር ብሎ፣ ሱቁ ካለው አሮጌ ገንዳ ሁለት ዓመት የሠራ ስፖንጅ አምጥቶ እዚህኛው ማጣሪያ ውስጥ ከቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት መርዙ ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ "አሥር ቀን ታገሱኝ" ብሏቸው ሄደ።

የማጣሪያውን ክዳን ከፈተ። ቡናማ መሆን የነበረበት ስፖንጅ ከፋብሪካ እንደወጣ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አውጥቶ አሸተተው። በረኪና።

"ይሄን ማነው የነካው?" አለ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ስታልፍ።

"እኔ ነኝ ወንድሜ" አለች ሴትዮዋ ደንግጣ። "አለቃ ናቸው ያዘዙኝ። 'ሰውዬው ጭቃ ከቶበት ሄዷል፤ አውጪና በበረኪና እሺልኝ' አሉኝ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ሦስቴ አጠብኩት።"

ገንዳ ሠሪው ስፖንጁን እንደያዘ ቆመ። ውሃው በክንዱ ላይ እየወረደ እጅጌውን አራሰው።

አለቃ የሚባሉት በሩ አጠገብ ካለው መስኮት ሥር የሚቀመጡት፣ ሰማንያ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። የውሃ መስመር ዝርጋታ አለቃ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተውም ስሙ አልለቀቃቸውም። በዚያ ቤት ማንም ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ አለቃ የገንዳ ሠሪው አባት መሆናቸው ነው። አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ያን ጊዜ እናቱ ሆዷን ታማ ሐኪም ቤት ስትገባ አለቃ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ሥራ ላይ ነበሩ። በስልክ "እስክደርስ ቆዩኝ፤ እኔ ሳላያት እንዳትነኳት" አሉ። ሐኪሙ ደግሞ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች አትተርፍም አለ። ልጅየው ፈረመ። እናቱ ከክፍሉ በሕይወት አልወጣችም። አለቃ ሲደርሱ የጠበቃቸው በአንሶላ የተሸፈነ አስከሬን ነበር። "ቆይ ብዬህ ነበር። አንተ ነህ የገደልካት" አሉት፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልጨመሩም።

ገንዳው በስድስት ሰው ሸክም የገባ ዕለትም ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ ነርሷ ዞረው "ሰውዬው በውሃ ልክ ለክቷል ወይ በይልኝ" አሉ። ለካ። በአንድ ጣት ያህል ያዘነብል ነበር። አስተካከለ።

አሁን ስፖንጁን ጨብጦ ወደ መስኮቱ ሲያመራ ነርሷ ቀደመችው።

"ዛሬ እንኳ አይናገሯቸው፣ እባክዎ" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ትናንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ነበር። አንዱ ድሮም አያይም። የቀረውም ሁለት ሳምንት ቢያገለግላቸው ነው አሉ። እዚህ እስክንመለስ 'ዓሣዎቹ መቼ ይገባሉ' እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሱም።"

አለቃ ኮቴውን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

"ስንት ቀን ቀረው?" አሉ። በነርሷ በኩል አልነበረም፤ ለራሱ ነው።

"አራት ሳምንት።"

"ባለፈው አሥር ቀን ብለህ ነበር።"

"ስፖንጁ በበረኪና ታጥቧል።"

"ቆሻሻ ነበራ።"

"ሕይወት ነበረበት። እርስዎ ነዎት ያስጨረሱት።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደስ አለው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ደስታ። ወዲያውም ጎመዘዘው።

አለቃ ጉልበታቸውን ትንሽ አሹ። "እኔ ነኝ የገደልኩት በለኛ። ይሁን፤ ተመላልሰናል። አሁን አንዲት ዓሣ አስገባ። ብትሞትም ትሙት፤ ላያት ነው።"

"ያልደረሰ ውሃ ውስጥ ዓሣ አስገብቼ አላውቅም። 'ቆይ ስልህ አልቆየህም' ብለህ አይደል ይሄን ሁሉ ዘመን ያበላሸኸው? ይኸው አሁን መቆየት ችያለሁ።" እርስዎ ማለቱ የት እንደቀረ እሱም አላስተዋለም።

"እሷ ዓሣ አልነበረችም" አሉ አለቃ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። "ደግሞ ትድናለች ብዬ አይደለም ቆዩኝ ያልኩት። ሐኪሙ በስልክ ነግሮኛል፤ ኦፕራሲዮን ብትደረግም ባትደረግም አትተርፍም አለኝ። ዓይኗ ተገልጦ ሳለ ላያት ነበር።"

"ለኔ እንደዚያ አላለኝም።"

"ለልጅ እንደዚያ አይባልማ።"

ገንዳ ሠሪው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር ጀርባ ያዘ። "እያወቅህ ነው ገደልካት ያልከኝ?"

"እያወቅኩ ነው" አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው እዚያው ቀሩ።

ወጥቶ ስፖንጁን መኪናው ውስጥ ወረወረና መሪውን ይዞ ተቀመጠ። በሃያ ስምንት ዓመቱ የተሸከመውን 'ገደልካት' ይዞ ነው ሚስት ያገባው፣ ልጆች የወለደው፣ በእንቅልፉ እየባነነ የኖረው። አንዲት ቃል ታወርደው ነበር፤ ያቺን ቃል ሰውየው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ሃያ ሁለት ዓመት ዝም አሉ። ሞተሩን አስነስቶ፣ ገንዳውን እንዳለ ጥሎላቸው እንደማይመለስ ለራሱ ነገረ።

ሱቁ እስኪደርስ ሐሳቡ አልተለወጠም። ሲገባ ግን መረቡን አነሳ። ይቅር አላለም፣ አንጀቱም አልራራም። ችግር የሚችሉትን ትንንሽ ዓሣዎች መረጠ፤ ከእነሱም ደብዛዛ ዓይን የማይስታቸውን፣ ደማቅ ብርቱካን መልክ ያላቸውን አምስት ለየ። ከአምስቱ ሁለቱ ሳምንቱን እንደማይጨርሱ ያውቃል።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ዓሣዎቹን የያዙትን ላስቲኮች ውሃው ላይ አንሳፍፎ፣ ሙቀታቸው እስኪስተካከል ጠብቆ ፈታቸው። አለቃ ነርሷን ተደግፈው መጡና አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ።

"ስንት ናቸው?"

"አምስት።"

"ሦስት ነው የማየው።"

"ሁለቱ ድንጋዩ ሥር ተደብቀዋል።"

አለቃ ከአንዷ ጋር አብረው አንገታቸውን አዞሩ፤ ስትመለስም ተመለሱ። "ትንንሾች ናቸው" አሉ በመጨረሻ።

"ትልልቆቹ ቶሎ ይሞታሉ።"

እሱ ዕቃውን ሰበሰበ፤ እሳቸው ከመስታወቱ አልተነሱም።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ በር ላይ አገኘችው። "ገቡልን ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መቼ ይመጣሉ?"

"ነገ። ውሃው ስላልደረሰ በየቀኑ ግማሹ መቀየር አለበት። አንድ ወር ያህል። ካልሆነ በሦስት ቀን ያልቃሉ።"

"እሱማ ይቸግራል" አለች። "ጉንፋን ገብቶ ከፈጀን ወዲህ ባለሙያ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አናስገባም። በየቀኑ የሚፈቀደው ለቤተሰብ ብቻ ነው። ለሱ ሌላ ቅጽ አለው።"

ገንዳ ሠሪው በኮሪደሩ በኩል ወደ ሳሎኑ ተመለከተ። ከዚህ የሚታየው የአንድ ሽማግሌ ጎባጣ ጀርባ ብቻ ነው።

"ቅጹን ይስጡኝ" አላት።

"የቱን?"

"የቤተሰቡን።"

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችው። ቆሞ፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞላ። ከነዋሪው ጋር ያለዎት ዝምድና በሚለው ፊት "ልጅ" ብሎ ጻፈ። የሚመጡበት ምክንያት ከሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ "ውሃ ለመቀየር" ብሎ ጻፈና ወረቀቱን መለሰላት።