ተስፈንጥሮ ወረደ

የእህቱን ባል ፋብሪካው ውስጥ ያስቀጠረው ተርጓሚው ራሱ ነበር። ባልየው የመብራት ሠራተኛ ነው፤ መሰላል ላይ ሲወጣ ያዩት ጓደኞቹ «ድመቱ» ይሉታል። ተርጓሚውን ደግሞ «መዝገበ ቃላት» ይሉታል፣ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ። እውነትም ቃል ይወድ ነበር። በተለይ እንግሊዝኛ ለሰው አካሄድ ያለው የቃል ብዛት ያስደንቀዋል። ሻይ ሰዓት ላይ አላፊ አግዳሚውን እያየ ያስተምራል።

«ያ እግሩን እየጎተተ የሚሄደው ሻፍል ያደርጋል። ሥራ አስኪያጁ ሆዱን አስቀድሞ ሲንጎማለል ስትረት ይባላል። ዘበኛው ሊምፕ ነው፣ ያነክሳል።»

ዘበኛው ይህን ሰምቶ፣ «እኔ የማውቀው ማነከስ አንድ ብቻ ነው፤ ያማል» ብሎት ያውቃል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባልየው መጋዘን ውስጥ የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጣ። የፎርክሊፍቱ ነጂ ወደ ኋላ ሲመጣ የመሰላሉን እግር ገጨው። ባልየው ከጣሪያው ሥር ተነስቶ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው አረፈ።

ሐኪሙ ሚስትየውን ለብቻዋ ጠርቶ እቅጩን ነገራት። አከርካሪው በአንድ ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ቆሞ መሄዱን መርሳት ነው። ሕክምናው ደግሞ በእነሱ አቅም የሚሞከር አልነበረም። ፋብሪካው ግን በሥራ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሠራተኛ ያሳክማል፤ ባሕር ማዶ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የሚላክለትን ሪፖርት አንብቦ ከፈቀደ።

እህቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ክንዱን ያዝ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ያንን ወረቀት አሳምረህ ጻፍልኝ» አለችው።

«አታስቢ። ለገዛ ወገኔ ቃል እሰስታለሁ እንዴ?»

ባልየው ፊቱን ወደ አምፖሉ አዙሮ ስለነበር፣ አደጋውን በዓይኑ ያየው ነጂው ብቻ ነበር። ቃሉን የሰጠው በሦስት መስመር ነው። «ፎርክሊፍቱን ወደ ኋላ እየነዳሁ ሳለ መሰላሉ ተነቃነቀ። ቀና ብዬ አየሁ። ሰውየውም ተስፈንጥሮ ወረደ።» ስለ መግጨት አንድም ነገር አልተነፈሰም።

ተርጓሚው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ እጁን ከኮምፒውተሩ አነሳ። ፎል ሊል አሰበና ቀለለበት፤ ብርጭቆም ይወድቃል። ስሊፕ ካለ እግሩ አዳልጦት ነው፣ ጥንቃቄ ይጎድለዋል ሊሉ ነው። ተምብል የሚለው የልጆች መንከባለል መሰለው። ከዚያ ሊፕ መጣለት። መስፈንጠር፣ ቃል በቃል። ጉልበት ያለው ቃል ነው፤ ሲያነቡት ሰውየው ከየት ከፍታ እንደመጣ ይታያቸዋል ብሎ ተስፋ አደረገ። ጻፈው። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ደስ አለው። ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን በፊርማው አረጋግጦ ላከው።

መልሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ሠራተኛው መሰላሉ ሲነቃነቅ አጥብቆ መያዝ ሲገባው በገዛ ፈቃዱ ዘሎ ወርዷል፤ ይህም የደኅንነት መመሪያውን መጣስ ነው፤ ስለሆነም ፋብሪካው አያሳክመውም፣ ከሥራም ተሰናብቷል ይላል።

ተርጓሚው የላከውን ትርጉም አውጥቶ እንደገና አነበበው። በእኛ አፍ የዘለለም፣ ተገፍቶ የተወረወረም ተስፈነጠረ ይባላል። ሊፕ ግን ሰው ራሱ የሚያደርገው ነው፤ አስቦ፣ ጉልበቱን አጥፎ። ይህ ጠፍቶት አልነበረም። ሻይ ሰዓት ላይ ቢጠይቁት አፉን ሞልቶ ያስረዳ ነበር።

በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደና ነጂውን ለብቻው አገኘው።

«መሰላሉን እንደገጨኸው ታውቃለህ። አንድ መስመር ብቻ ጨምርልኝ» ሲል ለመነው።

ነጂው ጓንቱን እያወለቀ ዙሪያውን ቃኘ። «ወንድሜ፣ እኔ ያልኩት ተስፈነጠረ ነው። ዘለለ ያልከው አንተ ነህ። ሦስት ልጆች አሉኝ። የተኛ ነገር አትቀስቅስብኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድም ሄደ፤ እሱም ቆሞ ሰማውና፣ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ ወደ ስብሰባው ገባ።

ተርጓሚው ለዋናው መሥሪያ ቤት ራሱ ጻፈ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፣ ነጂው ሊል የፈለገው ተወረወረ ነው እያለ ሁለት ገጽ ሞላ። መልሱ አራት መስመር ነበር። ተርጓሚው የሠራተኛው የቅርብ ዘመድ መሆኑ ስለተደረሰበት ማስተካከያው ተቀባይነት የለውም፤ የሚጸናው በፊርማው ያረጋገጠው የመጀመሪያው ትርጉም ነው። ሌላም ጻፈ። ለዚያ መልስ አልመጣም።

ወሩ ባለቀ ማግስት ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆመ። ባልየው መስኮቱ ሥር ተጋድሟል። እህቱ አንሶላ ታጥፋለች። ምንም ሳያስቀር ነገራቸው።

«በአንድ ቃል ነው?» አለ ባልየው።

«በአንድ ቃል።»

«ትክክለኛው ምን ነበር?»

«ትሮውን። ተወርውሮ እንደማለት ነው።»

ባልየው ኮርኒሱን እያየ ቃሉን ሁለት ጊዜ በከንፈሩ ሞከረው። «ከባድ አይደለም እኮ። እኔም እችለው ነበር።»

እህቱ አንሶላውን አጥፋ ጨረሰችና መልሳ ዘረጋችው። ሲወጣ በሩን ከኋላው በቀስታ ዘጋችው።

ባልየው ከዚያ ፎቅ አልወረደም። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ እየተፈራረቁ ይጠይቁት ነበር፤ ኋላ ሳሱ። ተርጓሚው ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል፤ በሽተኛውን አቅፎ ከአልጋ ወደ ወንበር ያዛውረዋል። ስለ ኳስ ያወራሉ። ስለ ወረቀቱ ባልየው ዳግመኛ አላነሳም፣ ተርጓሚው ግን ቢሰድበው ይመርጥ ነበር።

በሦስተኛው ወር ፋብሪካው ለእህቱ የጽዳት ሥራ ሰጣት። ጠዋት ጠዋት የእሱን ቢሮ ኮሪደር የምትወለውለው እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሲያያት ስሟን ጠርቶ ቆመ። መወልወያውን ወደ ግድግዳው አስጠግታ አሳለፈችው።

«እንደምን አደሩ?» አለችው፣ ሌሎቹ ጽዳቶች እንደሚሉት።

ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች እህቱ ናት። መልሱን ሳትጠብቅ ባልዲዋን አንስታ ወደሚቀጥለው በር ሄደች።