የአርብ ከሰዓት መርዶ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከማንም ጋር አልካፈለውም።

እኔና ደመቀች እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ሀይል በሚባል ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቪላዎች ነው የምንሠራው። አርብ ከሰዓት ትንሽ እረፍት አለን። ሌላው ሱቅ ለሱቅ ሲዞር እኛ ወፎቹ ዘንድ እንሄዳለን። ወፎቹ ዘንድ የምንለው የዱር እንስሳት መጠበቂያውን ነው፤ ኩሬ፣ ሸምበቆ፣ እግራቸው የረዘመ ሮዝ ወፎች፣ በዙሪያው ደግሞ ለጥ ያለ የእግር መንገድ። መግቢያው ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ተተክሏል። «ቀላል መንገድ፣ አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት» ይላል። መጀመሪያ ቀን ሳነብላት ደመቀች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ይሄም መንገድ ተብሎ ሰሌዳ ይተከልለታል? እኛ ውኃ የምንቀዳበትን ቁልቁለት ቢያዩት ምን ብለው ሊጽፉበት ነው?»

የሷ ስልክ ከተሰበረ ወራት ስለሆነው፣ ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር የኔን እሰጣታለሁ። ወሎ፣ ወንድሟ ዳምጠው ጋ ትደውላለች፤ እሱ ለእናቷ ያቀብልላታል። ከዚያማ እየተራመደች እየጮኸች ነው የምታወራው። ጥበቃው፣ ሽማግሌው ዩኑስ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ሽሽ! ጡዩር!» ይላታል፤ ወፎቹ እንዳይደነግጡ።

አንድ ቅዳሜ ከዳምጠው መልእክት መጣልኝ። መጻፍ ስለማይሆንለት ከተማ ወጥቶ ነው ያጻፈው። «እናታችንን ትንሽ አሟታል። ለደመቀች ቀስ ብለሽ ንገሪያት» ይላል።

የኛ ሰው «ትንሽ አሟታል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ አለ? አባቴ የሞተ ጊዜም «ትንሽ አሞት ነው» ነበር የተባልኩት። ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኚያ እናት በስልክ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄን አደራ» ይሉኝ ነበር።

መርዶ ደግሞ ዝም ብሎ አይነገርም። ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ባለበት ነው። እኛ ያለን አርብ ከሰዓት፣ ሰው የምንለውም እንደኛው በሰው ቤት የሚሠሩት ቶይባና ሜሮን ብቻ ናቸው። ያን ሰሞን ሁለቱም እንግዳ በዝቶባቸው መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ በመጀመሪያው አርብ ዝም አልኩ። ደመቀች ስልኩን ስትጠይቀኝ «ኔትወርክ ማፊ፣ የለም» አልኳት።

«ኻላስ፣ ለሚቀጥለው አርብ» አለችኝ፤ ቅርም አላላት።

በሁለተኛውም አርብ «ማፊ» አልኩ። በመሃሉ ዳምጠው ደጋግሞ ደወለ። ነገርሻት ወይ ሊለኝ ነው ብዬ አላነሳሁም። ምን ብዬ ልመልስለት? ፈሪ ነኝ፤ ፍርሃቴን ነው ወግ እያልኩ የማቆላምጠው።

በሦስተኛው አርብ ቶይባና ሜሮን ኩሬው ዳር አግዳሚው ላይ ቀድመውን ተቀመጡ። ሜሮን ጥቁር ነጠላ በፌስታል ይዛለች።

«ዛሬ ምን ተገኘ? ወፍ ልትቆጥሩ ነው?» አለች ደመቀች እየሳቀች።

«እናትሽ…» ከማለቴ ገባት። መሬት ላይ ወደቀች። ሦስታችንም ይዘናት አብረናት ጮኽን። ወፎቹ ከኩሬው ብድግ አሉ። ዩኑስ ጣቱን ወደ አፉ እያነሳ መጣ፤ ሲያየን እጁን አውርዶ ተመለሰ።

«መቼ?» አለች።

«ሦስት ሳምንት ሆናቸው።»

«ስልኩን ስጪኝ። ከወንድሜ ጋር ላልቅስ።»

ሰጠኋት። የዳምጠው ድምፅ እስከ እኛ ይሰማል፤ እሱም ያለቅሳል።

«ደመቁ! ማን ቀድሞ አረዳሽ? ትናንት አርፋ ዛሬ ጠዋት ነው የቀበርናት። ገና ከመቃብር መመለሴ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬን ትራሷ ሥር አድርጋ ስትጠብቅሽ ነበር። ድምጿን ብቻ አሰማኝ ትለኛለች፤ እኔ ስደውል የሚያነሳ የለም።»

ዳምጠው አሟታል ሲል፣ አሟታል ማለቱ ነበር።

ደመቀች ስልኩን ዘጋችው። ልቅሶዋም ቆመ። ማንበብ ባትችልም የወንድሟን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ስክሪኑ ላይ ያ ቁጥር በቀይ ተደርድሯል፤ ያልተነሳ ጥሪ፣ አስራ አንድ ጊዜ። በጣቷ ቀስ እያለች እስከ መጨረሻው አወረደችው።

«ጌጤ፣ ኔትወርክ ማፊ አላልሽኝም?»

ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ተነሳችና ብቻዋን መንገዱን ጀመረች። ቶይባ ልትከተላት ስትል በእጇ ከለከለቻት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ነጠላው ሜሮን ጭን ላይ እንዳለ፣ ኩሬውን ስትዞር አየናት። ዞራ መጣች፤ በፊቴ አለፈችና ሁለተኛውን ዙር ጀመረች። ስልኩን የምሰጣት እሱ ላይ ነበር።