ከቅርጫቱ የጎደለችው ኮክ

እናንተዬ፣ አንድን ነገር ሳትቀምሱ፣ ሳታሸቱ፣ እንዲያው በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጥላችሁ ታውቃላችሁ? ታውቃላችሁ። ሁላችንም እናውቃለን። ልዩነቱ፣ አንዳንዱ ሰው ከጣለ በኋላ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩን ስቦ፣ በጣለው ነገር ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ ነው።

ቀለም ቀማሚዋ እንዲህ ያለ ሰው ይገጥመኛል ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ቀኑ አርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ጠባቧ ወጥ ቤት በሞቀ ስኳርና በተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ሽታ ታፍናለች። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ካፕኬኮች፣ በወረቀት ኩባያ የተጋገሩ ትንንሽ ኬኮች፣ ተደርድረው ይቀዘቅዛሉ። እሷ በአንዲቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ ብርሃኑ እስኪዞርላት ትጠብቃለች። ቀለም የሚታየው በመስኮት ብርሃን ነው እንጂ በአምፖል አይደለም። ይህንን ሃያ ሦስት ዓመት ከሠራችበት የቀለም ፋብሪካ ነው የተማረችው።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ታዲያ ስትቀምም የኖረችው የግድግዳ ነጭና የበር ግራጫ ነበር። ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ የፀሐይ መግቢያው ቀይ እጇ ሳይነካቸው ዓይኗ ውስጥ ተከማቹ፤ እንቅልፍ ሲወስዳት እየወጡ በቤቱ ይዞሩ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ማሽን አመጣ። ማሽኑ አይሳሳትም አሏት። አያይምማ፣ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፣ ጋዋኗን አጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

የሰፈሩ አዳራሽ ማስታወቂያ የለጠፈው በዚያው ሰሞን ነው። ቤት ውስጥ የተጋገረ፣ ቁጥሩ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ያነሰ እንደማይዳኝ ይላል። ያሸነፈ ሰው በአዳራሹ ወጥ ቤት በየቅዳሜው የኬክ ማስጌጥ ሙያ ያስተምራል። ይህን ሁለቴ አነበበችው። ዋንጫም ሜዳይም አላማራትም። ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንድ ሰው መስኮት ሥር አጠገቧ ቆሞ፣ «ይበቃዋል ወይስ አንዲት ጠብታ ልጨምር?» ብሎ እንዲጠይቃት። ዓይኗ ሥራ እንዲያገኝ።

ብርሃኑ ዞረ፤ ኬኮቹን እውነተኛ ፍራፍሬ ልታስመስላቸው ጀመረች። የኬኮቹን አናት በቢላ ክብ አድርጋ ክሬም ቀባቻቸው፣ እንደ ወረቀት በሳሳ የስኳር ሊጥም ጠቀለለቻቸው። የብርቱካኑን ገላ በአዲስ ስፖንጅ እየተጫነች ቀዳዳ ቀዳዳ አደረገችው፤ ለእንብርቱ አንድ ቅርንፉድ ሰካችለት። እንጆሪዎቹ ላይ ሰሊጥ በመቆንጠጫ እያነሣች ተከለች። ማንጎው ከአንገቱ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ጉንጩ ሲወርድ ቀላ። ብሩሹ ሲሄድ ቤቱም አብሮ የሚሄድ መሰላት። ግድግዳው እንደ ኮክ ለስላሳ ፀጉር አበቀለ፣ የበሩ ግራጫ እየሟሟ ወረደና ከሥሩ የዘይቱን ውስጥ ሮዝ ብቅ አለ። ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ሁሉም በየቦታው ነው፤ ጣቷ ላይ ግን ቢጫው አለ።

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ እንደ ልማዷ ደረቷ ላይ መርፌ ሰክታ ሳታንኳኳ ገባች። ዘይቱኗን አንሥታ አገላበጠችና፣ ልላጣት ወይስ እንዲሁ ልግመጣት ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ዓይኗ የመጨረሻዋ ኮክ ላይ አረፈ። ቀማሚዋ ፀጉር እንዲመስል በተነፋ የበቆሎ ዱቄት ካለበሰቻት በኋላ፣ በአንድ ጎኗ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ጠብታ እያሳረፈች፣ ጠርዙን በሳሳ ቢጫ እያደበዘዘች ነበር። ከዛፍ ወድቃ የተመታች ኮክ።

«አንቺ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ሙሽራ ኩለሽ ኩለሽ ስታበቂ ጥላሸት ትቀቢያለሽ?»

«ይቺ ከሌለች፣ እታለሜ፣ ሌሎቹ ሁሉ የሰም ፍሬ ናቸው» አለች ቀማሚዋ፣ ከብሩሹ ቀና ሳትል።

 እህቷ ጠጋ ብላ አሸተተቻት፤ ሳይታወቃት ኮኳን እንደ ጨቅላ በሁለት እጇ አቀፈቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫቱን ይዘው ሲሄዱ መንገደኛው ይዞራል። አንዲት ሴት ከየትኛው ገበያ እንደገዙት ጠየቀቻቸው፤ እህትየው አለቀ፣ ነገ ነይ አለቻት። የአዳራሹ ዘበኛ በር ላይ ጮክ ብላ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ብላ በወረቀት ጽፋ እጀታው ላይ አሰረችና ራሷ አስገብታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ተወዳዳሪ ሁሉ ግቢ እንዲጠብቅ ተነገረ። በሩ ተዘጋ፤ ውስጥ የቀሩት ሦስቱ ዳኞች ብቻ ናቸው።

ሲጠሩ ሰዉ አዳራሹን ሞላው። የዳኞቹ ሰብሳቢ የታወቀ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ፣ ነጭ ቆቡን በክብረ በዓል እንኳ የማያወልቅ። ቅርጫቱን ብድግ አድርጎ አሳየ። ዓይን ይማርካል አለ፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚስተካከለው የለም አለ። ምን ያደርጋል፣ የገባው አሥራ አንድ ነው፤ ደንብ ደግሞ ደንብ ነው።

ቀማሚዋ ከተቀመጠችበት ቆጠረች። ማንጎው አለ፣ ብርቱካኑ አለ፣ እንጆሪዎቹ አሉ። ኮኳ የለችም። ዘበኛዋ ከበሩ ሆና እኔ አሥራ ሁለት ቆጥሬያለሁ አለች፤ ሰብሳቢው ወረቀቱን በጣቱ ገለበጠና፣ ሰው ነን እንሳሳታለን አላት። 

የቀማሚዋ እግር ግን ተነሥቶ ነበር። እንዴት እንደሄደች አታስታውስም፤ አዳራሹ እንደ ውኃ ተከፍሎ አሳለፋት። ከዳኞቹ ጠረጴዛ ኋላ የቆሻሻ ባልዲ አለ። ኮኳ ሻይ በጠጣ ወረቀት ላይ ጋደም ብላለች። የተመታው ጎኗ ወደ ላይ ነው። ሌላው ጎኗ ሲወድቅ ተሰንጥቆ ቢጫ ኬኳ ይታያል።

አንሥታ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣች። ሁለተኛው ዳኛ በእጇ የያዘችውን አየ። የበሰበሰ ፍሬ ከኬኩ ጋር ተቀላቅሎ መጥቶ ከሆነ፣ ለንጽሕና ሲባል ተነሥቶ ሊሆን ይችላል አለ። ተነሥቶ! እንግዲህ ኮኳ በእግሯ ተራምዳ፣ ባልዲውን ከፍታ ገብታለች እንበል? ሦስተኛዋ ዳኛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አንድ ሰው ግን ይህችን ኮክ በጣቱ ይዟታል። ክብደቷ የፍሬ እንዳልሆነ ጣት ያውቃል፤ ከሥሯ የወረቀት ኩባያ አለ። የያዘው ሰው ወይ አላየም፣ ወይ ካየ በኋላ ዝምታን መረጠ። ኋላም አንድ ጎደለ ብለው ፈረዱ።

ሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እመቤት፣ ወደ ጓዳ እንግባና እንነጋገር፣ የተሳትፎ ወረቀት እንሰጥሻለን አላት። እህቷም ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት፤ በቃ፣ እህቴ፣ እንሂድ፣ ሰው ያየውን አይቷል አለቻት በሹክሹክታ።

ቀማሚዋ የሰብሳቢውን ፊት አየች። ቀይ ነው፣ አንዲት ጠብታ ግራጫ የገባበት። እንዲህ ያለ ቀለም ቀምማ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚቀመም ግን አሁን ገባት። መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ብርሃኑ ከላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ የሰዉ ፊት ሁሉ አንድ ባንድ ይለይላታል። በፋብሪካው ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ የነበረው ቃል ዓይነት ነገር መጣባት። በዚህኛው ጊዜ አልዋጠችውም።

ኮኳን በመዳፏ ላይ እንዳደረገች ወደ ሰዉ ዞረች፤ ከዚያ ወደ ሦስቱ። ድምፅዋን አላነሣችም፣ አዳራሹ ግን ሰማ።

«ጓዳ አልገባም። ከሦስታችሁ ይህችን የጣለው ማን ነው? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ተነሥቶ ይናገር።»