የአይዳ ወንበር

ከትራክተሯ ወንበር ሥር ካሉት አራት ብሎኖች ቀይ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ ጥቁር ነበሩ። ልጄ አይዳ አጥብቃ የጨረሰችውን ብሎን ሁሉ በቀይ ኩቲክስ ትቀባዋለች፤ ብሎኑ ከላላ ቀለሙ ስለሚሰነጠቅ ወዲያው ታውቃለች። ጥፍሯን ግን ቀብታ አታውቅም። ከኋላዋ ቆሜ ሦስቱ ለምን ጠቆሩ ብዬ ማሰብ ስጀምር እሷ የረገጠችውን ፍሪሲዮን ለቃው ነበር።

ትራክተሯ ወደ ፊት ሄደች። ወንበሩ ከነልጄ ወደ ኋላ ወደቀ።

ከኋላ ሙዝ የሚጫንበት ጋሪ ታስሮ ነበር። አይዳ መሬት እንደነካች ወደ ጎን ባትንከባለል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። የጋሪው ጎማ የሱሪዋን ጫፍ ረግጦ አለፈ። ትራክተሯ ያለ ሹፌር ጥቂት ሄዳ የመስኖው ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች።

ያን ጊዜ ሰው ሳቀ። በላንቴ የሙዝ ማኅበሩ መጋዘን ፊት የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ።

"ተፋቻት" አለ አንዱ።

"ምን ታድርግ፣ ብረትም እኮ ይደክመዋል" አለ ሌላው።

በርናባስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። በርናባስ ከማሳው የወጣውን ሙዝ መንገድ ዳር ተቀብሎ በኢሱዙው የሚጭን ሰው ነው። ሙዙን ከማሳ ተሸክመው የሚያወጡትን ወዛደሮች የሚቀጥረውም እሱ ነው። አይዳ በዚያች ትንሽ ትራክተር ሙዝ ማውጣት ከጀመረች ማን እንደሚጎዳ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

እኔ የምፈራው ብዙ ነው። የኩልፎ ወንዝ በሞላ ቁጥር ድልድዩ ይሄዳል ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጄ ያቺን ትራክተር ስትጠግን ፀጉሯ የሚሽከረከረው ቺንጊያ ውስጥ ሲገባ፣ ቤንዚኑ ሲነድ፣ ስንቱን በሐሳቤ አይቻለሁ። ሰው ብሎኗን ይፈታባታል ብዬ ግን አላሰብኩም። ይህን ሳልፈራ መቅረቴ እስከ አሁን ያናድደኛል።

አይዳ ትልቅ ሴት ናት። በግልጽ የምጽፈው ሌላው ሰው በሹክሹክታ ስለሚለው ነው። ከሰፈራችን ከሲቀላ ወደ ሴቻ ለመውጣት ባጃጅ ስትይዝ ሹፌሩ "እህቴ፣ መሃል ሁኚ፣ እንዳንገለበጥ" ይላትና የሁለት ሰው ይቀበላታል። በመካኒካል ተመርቃለች። ለሥራ ፈተና ስትጠራ ፈታኞቹ ፊቷን ከማየታቸው በፊት የምትቀመጥበትን ወንበር ያያሉ። እንደወጣች ይስቃሉ፤ አንድ ቀን ሸኝቻት ውጭ ስጠብቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትራክተሯን ያገኘቻት ከአንድ የድሮ እንግዳ ማረፊያ ጓሮ ነው። ድሮ ፈረንጆች ሣር ያጭዱባት ነበር አሉ። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይተናነስም። ቁራሌው ቆራርጦ ሊወስዳት ሲል አይዳ ቀደመችው። ካርቡራተሯን ፈትታ በቤንዚን ስታጥብ ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ካንዴላዋን ከባጃጅ ጋራዥ፣ ቺንጊያዋን ከወፍጮ ቤት አመጣች። ሞተሯ የተነሣ ቀን እኔ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

የድሮው ወንበር ለቀጭን ሰው የተሠራ፣ ሰሃን የምታህል ቆርቆሮ ነበር። አይዳ ስትቀመጥበት መሪው ሆዷን ይጫናታል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይተወው ነበር። እሷ ቆርቆሮውን ነቅላ፣ ሥሩን በአንግል ብረት አስበየደችና የኢሱዙ ወንበር አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አድርጋ አሰረችበት። ስትቀመጥ የፊት ጎማ እንዳይነሣባት ከፊት የወፍጮ ብረት አንጠለጠለች። ከዚያ ጉልበቷን ዘርግታ፣ ጀርባዋን አስደግፋ በሰፈሩ ዞረች። ልጄ እንደዚያ ተመችቷት ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። ጎረቤት ወጥቶ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች፣ ጥሩምባዋንም ነፋችባቸው።

በሙዝ ማሳ መካከል መስኖ ስለሚለቀቅ ጭቃ ነው፤ ኢሱዙ አይገባም። በርናባስ አንድ ቀን "እስቲ ልሞክራት" ብሎ ተቀምጦባት ነበር። እሱ ቀጭን ነው። የኋላ ጎማዋ እዚያው ጭቃ ውስጥ ዝም ብሎ ተሽከረከረ። አይዳ ስትወጣባት ጎማው መሬቱን ያዘና ወጣች።

"ኪሎዬ ለአንዴ እንኳ ሥራ ሠራልኝ" አለችው። እሱ አልሳቀም።

ማኅበሩ "ረቡዕ በሁላችንም ፊት ሞክሪ፤ ከተሳካ የማውጣቱን ሥራ ላንቺ እንሰጣለን" አላት። ጋሪው የማኅበሩ ስለሆነ ትራክተሯ ማክሰኞ መጋዘን አደረች። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘው በርናባስ ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ልጄ ጭቃ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው እየሳቀ፣ ወደ እሱ ሄድኩ።

"ስልኩን አውርድ" አልኩት።

"ለመረጃ ነው፣ እናቴ።"

"እናትህ አይደለሁም። ሰው ፊትህ ወድቋል፣ አንተ ትቀርጻለህ?"

"ምን ላድርግ? ብረት እኮ ልክ አለው።"

አይዳ ወንበሩን ጭኗ ላይ ገልብጣ ጣቷን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ታስገባ ነበር። ጣቷ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

"የተገነጠለ ብረት ይቀደዳል፣ እማዬ" አለች ቀስ ብላ። "ይሄ አልተቀደደም። ብሎኑን አውጥተው ቀዳዳውን በግራሶ ደፍነውታል።"

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ውብአየሁ መጥቶ አየ፤ ወንበሩን ሳይሆን እሷን። "ነገ ስብሰባ አለን፣ እዚያ እንነጋገርበታለን" አለ። "ለጊዜው ግን፣ እንዲያው ቀጠን ያለ ሹፌር ብንፈልግላትስ?"

"ቀጠን ያለ የሚፈልግ የራሱን ትራክተር ይጠግን" አልኩት።

ትራክተሯን በሰው መኪና አስጭነን ሲቀላ ስንደርስ ቪዲዮው ቀድሞን ደርሷል። የሱቋ ቲጂ ስልኳን ከኋላዋ ደብቃ "አይዞሽ አይዳዬ፣ ብዙ ሰው አላየውም" አለች። ከጀርባዋ የሳቁ ድምፅ ይሰማል።

አይዳ ቤት ገብታ ያበጠ ክንዷን ውሃ ውስጥ ነከረች። "ትራክተሯን ለቁራሌው ብሰጣት ይሻላል መሰለኝ" አለች።

ስትወድቅ ከደነገጥኩት ይበልጥ ደነገጥኩ። ለወራት ያቺን ትራክተር ከግቢዬ አውጪልኝ ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ትራክተሯ ከሄደች ልጄ ከዚህ ቤት ቀና ብላ እንደማትወጣ ታየኝ። ባጃጅ ውስጥ መሃል ላይ ተጣብቃ ስታረጅ ታየኝ።

"አትሰጪም" አልኳት።

"ነገ ስብሰባው ላይ ማን ያምነኛል? ሁሉም አይተዋል፤ ወፍራሟ ወንበሩን ሰበረች ነው የሚሉት።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጃፌ ላይ ተንበርክከዋል። ከፊት ያሉት የጨንቻው ጋሼ እንድሪያስ ናቸው፤ እንኳን መንበርከክ ከወንበር መነሣት የሚያስቸግራቸው ሰው። ከኋላቸው በርናባስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የቱንም ያህል ብትቆጣ ሣሩን ረግጠህ አታልፍም። ሰው ሊገድል የወጣ እንኳ ይመለሳል። እኔም ተወልጄ ያደግኩበት ነው፣ አከብረዋለሁ። በርናባስም ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው የላካቸው። ነገ ስብሰባው ላይ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ሣሩ እንዲቀድመን ፈልጎ ነው። የሽማግሌ ጉልበት ለዚህ ሲውል ሳይ ደሜ ፈላ።

"አባቷ አለ ወይ?" አሉ ጋሼ እንድሪያስ።

"ገረሴ ያስተምራል፣ ትምህርት አልተዘጋም። እኔ አለሁ።"

"እንግዲህ ስለ ሣሩ ብላችሁ ልጃችንን ይቅር በሉት። ተጸጽቷል።"

"በምኑ?" አልኩ።

በርናባስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያው፣ ጥፋት ካለብኝ ይቅርታ ለማለት ነው።"

"ካለብኝ?" አልኩት። "ካለብህ ብለህ ነው እኚህን አዛውንት መሬት ላይ ያንበረከክካቸው? ጋሼ፣ ይነሡልኝ። ሣሩን አልረግጥም። ግን እንደዚህ ከሆነ በሬን እዘጋለሁ።"

አይዳ ከኋላዬ መጣች። ክንዷን በነጠላ አስራዋለች።

"እኔ እታረቃለሁ" አለች። "ግን የምታረቀው በምን እንደሆነ ይንገረኝ።"

ጋሼ እንድሪያስ ዞር ብለው በርናባስን አዩት። ሣሩን ግን አላወረዱም።

"ለእኛ ቀልድ ነው፣ ወንበሩ ራሱ ላልቶ ነው አልከን" አሉት። "ሣር አስይዘኸን ሸፍነህ ከታረቅህ ጎሜ ነው፣ እርም ነው። የተደበቀ ጥፋት በአንተ አይቆምም፤ በልጆችህ ይመጣል፣ እኛም ላይ ይመጣል። ተናገር።"

"ጋሼ፣ ሰፈሩ እየሰማ..."

"ስትስቅም ሰምቷል።"

እውነት ነው፤ ቲጂ ሱቋን ትታ መጥታለች፣ ሌሎችም አጥር ላይ ተንጠልጥለዋል። በርናባስ ወደ ኋላ አየ። ሽማግሌዎቹ አልተነሡም፤ እነሱ ካልተነሡ እሱ መሄድ አይችልም። የላከው ሣር ራሱን ይዞ አቆመው።

"ማክሰኞ ማታ ሦስቱን ፈታሁ" አለ። "አንዱን በቦታው ትቼ አላላሁት። ግራሶ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ትንሸራተትና ሰው ይስቅ ብዬ እንጂ ጋሪው ሊወጣባት ነው ብዬ አላሰብኩም።"

"ለምን?" አለች አይዳ።

"ሥራውን ልትወስጂብኝ ነዋ።"

"ነገ ይህንኑ ስብሰባው ላይ ትደግመዋለህ" አሉት ጋሼ እንድሪያስ። "እኛም እንመጣለን።"

አይዳ ጎንበስ ብላ ሣሩን ከእጃቸው ተቀበለችና ደግፋ አነሣቻቸው። እሷ ታረቀች። በእውነት ታረቀች፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። እኔ ይህን ልብ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ከዚያ ቁልፍና ብሎን አምጥታ ሰጠችው። "ራስህ እሰረው" አለች። በርናባስ በደህና ሱሪው ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ወንበሩን አሰረ። "ገና ነው፣ አዙረው" ትለዋለች፤ ያዞራል። "አሁንም።" ሽማግሌዎቹ ቆመው ያያሉ። ሲጨርስ አይዳ ወጥታ በሙሉ ክብደቷ ተቀመጠች። ወንበሩ አልተነቃነቀም። ሞተሯ ትንሽ አስነጥሳ ተነሣች። አጥር ላይ ካለው ሰው ማንም አልሳቀም።

"እዚህ ውጭ አታድርም" አልኩ። "ወደ ቤት አስገቢያት።"

"ሳሎን?"

"ሳሎን።"

ሶፋውን ገፋሁ፣ ምንጣፉን ጠቀለልኩ፣ ሁለቱንም መዝጊያ ከፈትኩ። አይዳ ቀስ ብላ ነድታ ቴሌቪዥኑ ፊት አቆመቻት። ጭስ ቤቱን ሞላው። አሁን ደግሞ እሳት ይነሣል ብዬ መፍራት ጀመርኩና ባልዲውን ሞልቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲሄዱ ጋሼ እንድሪያስ ወደ እኔ ዞሩ። "የአይዳ እናት፣ አንቺስ ታረቅሽ?"

"ሣሩን አልረገጥኩም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ለዛሬ ይብቃኝ። ነገ አፉ የሚለውን ልስማ።"

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። በርናባስ ወደ ኋላ ቀርቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ደህና እደሩ፣ እናቴ" አለ።

የጋሪው ጎማ ሥር ሊገባ የነበረው የልጄ እግር ታየኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ፣ መወርወሪያውንም ጣልኩበት።